ጎማው ሳይነሣ ፊርማ የለም



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከመዋጮው ማስታወቂያ ጎን፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ ወረቀት ተለጥፎ እንደነበር ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ወረቀቱ «ጸሐፊው ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነው? ልጆቻችን አራት ቀን ሙሉ በዝናብ በእግራቸው የተመላለሱት በእሱ ግትርነት ነው» ይላል። የለጠፈው ማን እንደሆነ አልጠይቅም። እጅ ጽሑፉን ግን አውቀዋለሁ፤ በየወሩ መዋጮ ደብተር ላይ ሲፈርም አየዋለሁና። ለነገሩ የሁለት ወር ይቀርበታል። ስሙን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ድረስ ሄጄ አስረዳው ነበር። ስላልጻፈ መልሱን ሁላችሁም ታነቡት ዘንድ እዚሁ ለጥፌዋለሁ።

መካኒክ አለመሆኔ እውነት ነው። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ በጭነት መኪና ረዳትነት ሰባት ዓመት የተንከራተትኩ ሰው ነኝ። ጎማ ፈትቻለሁ፣ ግሪስ ቀብቻለሁ፣ መኪና ሥር ተኝቼ አድሬያለሁ። ይህ መካኒክ አያሰኝም። ነገር ግን የማኅበሩ ገንዘብ ወጪ የሚሆነው በሊቀ መንበሩና በእኔ ፊርማ ነው፤ የምፈርምበትን ነገር ለማየት ደግሞ ዓይን እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመዋጮአችን የገዛናት የተማሪዎች ሚኒባስ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ወደ ቻግኒ በሚወስደው መገንጠያ ላይ ስትታጠፍ ከፊት ጎማ በኩል «ቋ» ትል ጀመር። መጀመሪያ አንዴ ነበር። ቆየት ብሎ ትምህርት ቤቱ በር ላይም «ቋ፣ ቋ» ማለት አመጣች። ልጆቹ እንኳ ለምደውት፣ መታጠፊያው ሲደርስ አብረው «ቋ!» ይሉ እንደነበር የገዛ ልጄ ነግራኛለች። ሾፌራችንን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ኮብልስቶኑ እኮ ነው፤ በዚህ መንገድ ምን መኪና ዝም ይላል?» አለኝ። በማግሥቱ ቴፑን ከፍ አድርጎት አገኘሁት።

አሁን ይህን «መንገዱ ነው» የሚለውን አባባል ሳልመረምር አላልፍም፤ ምክንያቱም እዚህ አገር መንገድ የማይሸከመው ጥፋት የለም። መንገዱ ቢሆን ኖሮ በዚያው ኮብልስቶን ላይ ቀጥ ብላ ስትሄድም መጮህ ነበረባት። ቀጥ ስትል ግን ዝም ትላለች። አስፋልቱ ላይ ደግሞ፣ ምንም ድንጋይ በሌለበት፣ መሪው ሲዞር ትጮሃለች። ሾፌሩን አጠገቡ ተቀምጬ ሁለቱንም ሞከርነው። ድንጋይ መርጦ በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚያንኳኳ መንገድ እስካሁን አልተሠራም። መንገዱ የላላውን ያሰማ ይሆናል፣ ያባብስም ይሆናል፤ የላላው ነገር ግን መኪናዋ ውስጥ ነው።

መሪ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ድምፅ ብዙ ነገር ይናገራል። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ይጋደላል፤ የፊት ጎማውን ከአካሏ ጋር የሚያያይዙት መጋጠሚያዎችም ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይጠመዘዛሉ። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ተደብቆ የዋለ ልልነት እዚያ ላይ ይጋለጣል። ድምፁ ራሱም ዓይነት አለው። መኪናዋ በቀስታ ጥግ ድረስ ታጥፋ ስትዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከጎማው ዙረት ጋር የሚፈጥን፣ ነዳጅ ሲሰጧት የሚብስ ከሆነ፣ ሞተሩ የፊት ጎማ በሚነዳባቸው መኪኖች ላይ ሲቪ ጆይንት የሚባለው ነው። እንደ ቪትዝ ያሉት መኪኖች ያላችሁ ይህን ያዙ። ወደ ግራ ስትዞር የሚጮህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሆን የግራው። አንዴ ብቻ «ግው» የሚል፣ ቆማችሁ መሪ ስታዞሩም የሚሰማ ከሆነ ግን ቦል ጆይንቱን፣ ታይሮዱን ወይም የሾክ አብዞርበሩን የላይኛ መቀመጫ ጠርጥሩ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የጎማውን ብሎኖች። ነጻ ነገር ስለሆነ ነው መሰለኝ ማንም አያያቸውም።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ሚኒባሷ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። የየትኛው ጋራዥ እንደሆነ አልጽፍም፤ ጠባችን ከአሠራሩ ጋር ነው። በማግሥቱ ወረቀት መጣልን። ወረቀቱ ላይ «የፊት ሲቪ ጆይንት፣ ሁለት፣ ይቀየር» ተብሎ ዋጋው ተጽፏል፤ ዕቃው ከባሕር ዳር ስለሚመጣ ግማሹ ቀድሞ ይከፈል ይላል። ገንዘብ ያዣችን ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወረቀት ካዩ ይታዘዛሉ፤ የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጅተው አመጡልኝ። «ፈርም እንጂ፣ ባለሙያ እኮ ነው የጻፈው» አሉኝ።

«ጎማውን አንሥተው አይተውታል ወይ?» ብዬ ጋራዡን ጠየቅሁ። «ድምፁ ይታወቃል፤ ስንት ዓመት ሠርተንበት!» የሚል ምላሽ ተሰጠኝ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ግትር የተባልኩት። ካርቶን አንጥፌ ከሚኒባሷ ሥር ገባሁ። ወገኖቼ፣ ከሞተሩ ወደ ፊት ጎማ የሚሄድ ምንም ዘንግ የለም! የእኛዋ መኪና ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ሥር ይቀመጥ እንጂ ኃይሉ በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ጎማዎች ነው የሚሄደው። የፊቶቹ ይጠመዘዛሉ፣ ክብደት ይሸከማሉ እንጂ አይነዱም። አራቱም ጎማ የሚነዳ ሚኒባስ በሌላ ቦታ አይቻለሁ፤ ይቺ ግን አይደለችም። ሲቪ ጆይንት ማለት ደግሞ ሥራው የሞተሩን ኃይል ወደሚጠመዘዝ ጎማ ማድረስ ነው፤ ስድስት የብረት ኳሶች በቦያቸው ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ ጎማው ቢታጠፍም ዙረቱ ሳይቆራረጥ እንዲደርስ ያደርጋሉ። ርዜፓ የሚባል የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ በ1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ብልሃት ነው፤ ልጄ ናት አንብባ የነገረችኝ። ኃይል የማይሄድበት ጎማ ይህን ዕቃ ምን ያደርግበታል? የሌላትን ዕቃ፣ ያውም ሁለት፣ ልንቀይርላት ነበር። የዋጋውን ግማሽ ቀድመን!

ይህን ለጋራዡ ስናገር «እንግዲያው ቦል ጆይንት ይሆናል፣ አራቱንም ቀይሩት» ተባልኩ። ከሁለት ወደ አራት! ግምቱ ሲከሽፍ ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። እኔም ጎማው ተነሥቶ፣ የላላው ዕቃ በዓይኔ ታይቶ ካልሆነ አልፈርምም አልኩ። መኪናዋም ትቁም አልኩ። ቆመች። አራቱ ቀናት እነዚህ ናቸው።

በአራተኛው ቀን ሌላ ባለሙያ ተገኘ። ክሪክ አስገብቶ ጎማውን ሲያነሣና ሲነቀንቀው ምንም የለም። ደንግጬ ነበር፤ ያን ሁሉ ተሟግቼ ባዶ እጄን ልመለስ ነው ብዬ። ሰውየው ግን አልቸኮለም። «ክሪኩን ሻንሲው ላይ ነው የተከልነው፤ ሞላው ኳሱን ጨምቆ ስለያዘው ነው ጤነኛ የሚመስለው» አለና፣ ሻንሲው ሥር ጠንካራ እንጨት ደግፎ፣ ክሪኩን ወደ ታችኛው ክንድ አዛወረው። ጎማውን ላይና ታች ይዞ ሲነቀንቀው የግራው «ቋ» አለ። ያቺው ድምፅ! ከዚያ ሾፌሩን ፍሬን እንዲረግጥ አዘዘው። ፍሬን ሲያዝ ልልነቱ ቢጠፋ ኖሮ ኩሽኔቱ ነው ማለት ነበር፤ አልጠፋም። ግራና ቀኝ ሲነቀንቀው ደግሞ ዝም አለ፤ ስለዚህ ታይሮዱም ነጻ ወጣ። ወደ ታች ጎንበስ ብለን ብናይ የታችኛው ቦል ጆይንት ላስቲክ ተቀድዷል፤ ግሪሱ ወጥቶ በምትኩ የመንገዳችን ቀይ ጭቃ ገብቶበታል። አንድ ዕቃ። ከአራቱ አንዱ። ሦስቱ ጤነኞች ናቸው። የተከፈለው ከመጀመሪያው ወረቀት ሩቡን አይሞላም፤ ደረሰኙ ገንዘብ ያዥ ዘንድ አለ፣ መጥታችሁ እዩት።

አሁን ያ ኳስ ከጉድጓዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ጎማው ይታጠፋል። መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ ይዞራል እንጂ ጎማው አይሰማውም። የሚላቀቀውም ቆማ ሳለች አይደለም፤ ክብደት በሚበዛበት ሰዓት፣ ማለትም መታጠፊያ ላይ፣ ልጆቹ «ቋ!» ብለው በሚስቁባት በዚያችው ቦታ ነው። አዲስ ሲቪ ጆይንት ገዝተን፣ ከፍለን፣ ተደስተን፣ ያንን የላላ ኳስ ይዘን ወደ ትምህርት ቤት ልንልካቸው ነበር። የገንዘቡ ነገር አይደለም እንቅልፍ የነሣኝ።

እኛ እኮ የፈረስ አገር ሰዎች ነን። የፈረሰኞች ማኅበራችን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ጥር 23 ቀን ሲደርስ ሜዳው የሚሞላውን ታውቁታላችሁ። ከመካከላችን የሚያነክስ ፈረስ ላይ ወጥቶ የሚጋልብ አለ? ወርዶ ኮቴውን ያነሣል፤ እሾኽ ነው፣ ጠጠር ነው፣ እብጠት ነው ብሎ በእጁ ይዳስሳል። ሲያነክስ ሰምቶ ዘፈን ከፍ የሚያደርግ ፈረሰኛ የለም። አንዱን እግሩን አመመው ተብሎም አራቱም አይታሰርለትም። ታዲያ ለፈረሱ ያወቅነውን ለመኪናው ማን አስረሳን?

ወደ ለጣፊው ወንድሜ ልመለስ። ልጆቹ በዝናብ ሄደዋል፤ አልክድም። የእኔም ልጅ አብራ ሄዳለች፣ ቤት ስትገባ ጫማዋን ጨምቄያለሁ። በዚህ ቁጣህ ትክክል ነህ። የወቀስከኝ ግን ባላጠፋሁት ነው። ያጠፋሁት ሌላ ነው፤ ሰው ስላልጠየቀኝ እኔው ልናገረው። ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ስብሰባ አለ፣ መዋጮ አልተሰበሰበም፣ ሾፌሩ ደግሞ መንገዱ ነው ብሏል እያልኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ልጆቹ በየቀኑ ይሳፈሩ ነበር። ማንም ወረቀት አልለጠፈብኝም። መለጠፍ የነበረበት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ዝምታ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ስለዚህም ነው ክፉኛ ያንገበገበኝ። በረዳትነቴ ጊዜ ከዚሁ ከኢንጅባራ ድንች ጭነን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ደብረ ማርቆስ ላይ የፊት ጎማ ፈነዳ። ሌሊት ነው፣ ይዘንባል፤ ትርፉን ጎማ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ብሎኖቹ እንደገና ሊጠብቁ ይገባ ነበር። አላጠበቅሁም። ከደጀን ዓባይ በረሃን ስንወርድ በየጠመዝማዛው ከፊት በኩል «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ብናገር ሾፌሩ «አንተ ነህ የገጠምከው» ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ዋጥኩት። ጎማው የወለቀው ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሀ ጽዮን ዳገቱን ስንወጣ ነው። ዳገት ስለሆነ በቀስታ ነበር የምንሄደው፤ መኪናው በተራራው በኩል ተጋድሞ ቀረ። የሾፌሩ እጅ ተሰበረ። ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ጸሐፊ ነበር። ያ ሾፌር እስከ ዛሬ ብሎን የላላው በራሱ ነው ብሎ ያምናል፤ ነገሬው አላውቅም።

አንዳንድ አባላት ደግሞ «ቦሎ ተለጥፎባታል፣ ምርመራ አልፋለች፣ ምን ያስፈራል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቦሎ መኪናዋ በተመረመረችበት ቀን ደህና መሆኗን ይናገር ይሆናል። የላስቲክ ሽፋን ግን የሚቀደደው ቀን ቆጥሮ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌላው አገር ፀሐይ ሲሞቅ እኛ ጭቃ የምናቦካባት ናት። የተቀደደ ላስቲክ አዳማ ቢሆን ወራት ይቆይ ይሆናል፤ እዚህ ግን ውሃና ጭቃ ቶሎ ይገባበትና የብረቱን ኳስ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በየወሩ አንዴ ጎንበስ ብሎ ላስቲኩን ማየት ምን ያህል ያስቸግራል? ላስቲኩ እንደተቀደደ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ላስቲክና ግሪስ ብቻ ይበቃዋል። ድምፅ ማሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ግሪስ መጠቅጠቅ ራስን ማታለል ነው፤ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልሰውም። ይህን የሚያደርጉ ባጃጅ ነጂዎች በሰፈራችን አሉ፤ የባጃጅ የፊት ጎማ ደግሞ አንድ ነው፣ ሲሄድ የሚተካው ጓደኛ የለውም። አድራሻቸውን አውቃለሁ።

«ይቺ አሮጌ ናት፣ ሸጠን አዲስ እንግዛ» ለሚሉትም አንድ ቃል አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምታችኋል። ስለዚህ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን አብረውን ይኖራሉ፤ የመለዋወጫ ዕቃም አይረክስም፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ መንገድ በተቋረጠ ቁጥር ይዘገያል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ብንገዛም ጎማና መሪ፣ ቦል ጆይንትና ታይሮድ አለው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ እንዲያውም ሸክሙ ይበዛባቸዋል። እሱም ቀን ሲደርስ «ቋ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜም ከሥሩ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

በዚህ መሠረት ከሊቀ መንበሩና ከገንዘብ ያዥ ጋር ተነጋግረን የሚከተለውን ወስነናል። ለሚኒባሷ ጥገና የሚቀርብ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ፣ ከአባላት ሁለት ሰዎች ባሉበት ጎማው ተነሥቶ የላላው ወይም የተሰበረው ዕቃ ሳይታይ አይፈረምም። የወለቀው አሮጌ ዕቃ ለማኅበሩ ይመለሳል፤ «ጥለነዋል» የሚል መልስ አንቀበልም። ሾፌራችን በልጆቹ መውጫና መግቢያ ሰዓት ቴፕ አይከፍትም። ይህን የጻፍኩት እሱን ለማሳጣት አይደለም፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አሁንም አምነንበት ነው የምንቀጥለው። ድምፅ በሰማ ቀን ለእኔ ይናገራል፤ እኔም በዚያው ቀን መኪናዋን አቆማለሁ። ልጆቹ በእግራቸው የሚሄዱበት ቀን ከመጣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይዘው የሚሄዱበትን ተራ ወላጆች ከወዲሁ እንድታወጡ በጥብቅ አሳስባለሁ፤ ያለፈው ጊዜ ይህን አለማሰባችን የሁላችንም ጉድለት ነው።

የገዛ መኪናችሁ በመታጠፊያ ላይ የሚያንኳኳባችሁ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማኅበሩ ግቢ አምጡት። ክሪክና ድጋፍ እንጨት አዘጋጅቻለሁ። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር የሚገባ ሰው ግን ከግቢው አስወጣዋለሁ። የወለቀው ቦል ጆይንት በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ስም ሳይጽፍ የለጠፈው ወንድሜም ይምጣና በእጁ ይዞ ይነቅንቀው፤ የሁለት ወሩንም መዋጮ በዚያው ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ኢንጅባራ